ሳማ ምግብ ነው፤ መድኃኒትስ?

ከቢቸና ተነስቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ የጮቄን ተራሮች በስተግራ ትቶ ያልፋል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ ክረምት ሲገባ በአጥር ሥር፣ በበረት ዙሪያና ሰው በለቀቀው ኦና ላይ ሳማ ይወጣል። ልጅ ጥፋት ሲያጠፋ የሚገረፍበት ይኸው ተክል በዚያው ሰሞን ለምሳ ወጥ ሆኖ ይቀርባል፤ ለጨጓራም ፍቱን ነው ይባልለታል። እንዲህ የሚለበልብ ቅጠል እንዴት ይበላል? የሚወራለት ፈውስስ ምን ያህል እውነት ነው?

የደጋችን ሳማ ሳይንሳዊ ስሙ ኡርቲካ ሲመንሲስ ነው። በተፈጥሮ የሚበቅለው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን ስሙም ከስሜን ተራሮች የመጣ ነው። በአውሮፓና በእስያ ከሚበቅለው ሳማ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው እንጂ አንድ ዝርያ አይደለም። በዓለም ላይ ስለ ሳማ የተደረገው ምርምር አብዛኛው በአውሮፓው ዘመዱ ላይ ያተኮረ ስለሆነ ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል።

ሳማ ከሰው መኖሪያ የማይርቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የሚባሉትን የአፈር ንጥረ ነገሮች አብዝቶ ይፈልጋል። እነዚህ ደግሞ እበት፣ አመድና የቤት ጥራጊ በሚደፋበት ቦታ ይከማቻሉ። ፎስፈረስ ከአፈር በቀላሉ ታጥቦ ስለማይሄድ ቤቱ ፈርሶ ነዋሪው ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላም ሳማው በኦናው ላይ መብቀሉን አያቆምም።

የሚለበልበው በቅጠሉና በግንዱ ላይ ባሉት ቀጫጭን ፀጉሮች ነው። እያንዳንዱ ፀጉር አንድ ረጅም ሕዋስ ሲሆን ጫፉ መስታወት ከሚሠራበት ሲሊካ የተሠራ ነው፤ ሥሩ ላይ ደግሞ ፈሳሽ የያዘ ለስላሳ ከረጢት አለ። ቆዳ ሲነካው ጫፉ በሰያፍ ይሰበርና እንደ መርፌ ይሾላል። ከረጢቱም ሲጨመቅ ፈሳሹን ወደ ቆዳ ይወጋል። በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት በአውሮፓው ሳማ ፈሳሽ ውስጥ ሂስታሚንና አሴቲልኮሊን መኖራቸውን አሳይቷል። ሂስታሚን ሰውነታችን በአለርጂ ጊዜ የሚያመነጨው ቅመም ነው፤ ጥቃቅን የደም ሥሮችን አስፍቶ እብጠትና ማሳከክ ያመጣል። አሴቲልኮሊን ደግሞ በነርቮች መካከል መልእክት የሚያስተላልፍ ቅመም ነው። ቀደም ሲል ማቃጠሉ በአሲድ ብቻ እንደሚመጣ ይታመን ነበር።

እንግዲህ ፀጉሩ የሚዋጋው ቆሞና በፈሳሽ ተወጥሮ ሳለ ነው። የፈላ ውኃ ሲነካው ሕዋሱ ይሞታል፣ ውጥረቱ ይረግባል፣ ፈሳሹም ከውኃው ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ የሚወጋ ነገር የለም። አድርቆ መፍጨትም ተመሳሳይ ውጤት አለው። የሳማ ባለሙያ ጥንቃቄዋ ሁሉ ቅጠሉ ድስት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ነው።

አሠራሩ ይህን ተከትሎ ይሄዳል። የሚለቀመው የጫፉ ለጋ ቅጠል ነው፤ እጅን በጨርቅ ጠቅልሎ ወይም በሁለት እንጨት ቆንጥጦ። ካበበ በኋላ ያለው ቅጠል አይመረጥም፤ በውስጡ ጠጣር የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ስለሚበዙ ይሻክራል። ለጋው ታጥቦ በፈላ ውኃ ይቀቀላል፤ ሲበስል እስኪልም ድረስ በማማሰያ ይታሻል ወይም ይደቆሳል። ከዚያ ሽሮ ወይም የገብስ ዱቄት ተነስንሶበት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ቃሪያ ገብቶበት ይንተከተካል። ዱቄቱ ወጡን ከማወፈር ባለፈ፣ በተለይ ሽሮ ሲሆን፣ ፕሮቲን ይጨምርለታል።

ይህ ነጥብ ዘርዘር ማለት ይገባዋል። ስለ ሳማ ሲነገር ፕሮቲኑ ብዙ እንደሆነ ይወራል። ነገሩ እውነት የሚሆነው ቅጠሉ ደርቆ ሲመዘን ነው። የተቀቀለ የአውሮፓ ሳማ በ100 ግራም 2.7 ግራም ያህል ፕሮቲን ብቻ ይይዛል። ብረቱም 1.6 ሚሊግራም አካባቢ ነው፤ ከዝናው ያነሰ። ሳማ በእርግጥ የሚልቀው በካልሲየም ነው፦ በ100 ግራም 480 ሚሊግራም ገደማ፣ ማለትም ያንኑ ያህል ከሚመዝን የላም ወተት አራት እጥፍ። ቫይታሚን ኤ የሚሆኑ ቅመሞችና ደምን የሚያረጋው ቫይታሚን ኬም በብዛት አሉት። የእኛ ዝርያ ቁጥር እንደ አፈሩና እንደ ወቅቱ ሊለያይ ይችላል፤ አቅጣጫው ግን ይህ ነው።

የካልሲየሙ ጥቅም የሚታየው ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሲነጻጸር ነው። በምሥራቅ ጎጃም ዋናው የጤፍ አዝመራ የሚገባው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልባቸው ወራት ናቸው። ፍልሰታም ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው በዚሁ መሐል ነው፤ ለጾመኛ ወተትና ቅቤ የለም። ሳማ የሚለመልመው ደግሞ ልክ በዚህ ጊዜ ነው፤ ዘርም ማዳበሪያም ሳይጠይቅ። ጤፍም የራሱ ካልሲየም ስላለው የሳማ ወጥ በጤፍ እንጀራ ሲበላ የወተቱን ጉድለት በከፊል ይሞላል። ሳማ የችግር ጊዜ ምግብ የሚል ስም ያገኘውም ከዚህ ወቅት ጋር በመገጣጠሙ ነው፤ ስሙ ስለ ወቅቱ እንጂ ስለ ምግቡ ጥራት አይናገርም።

ጥቅሙን ሰውነት የሚያገኘው ግን አሠራሩ ሲታገዝ ነው። ቫይታሚን ኤ የሚሆኑት ቅመሞች ያለ ቅባት በደንብ አይዋሃዱም፤ ጥቂት የኑግ ዘይት ጠብ ማድረግ ለውጥ ያመጣል። የዕፅዋት ብረት በተሻለ የሚዋሃደው ቫይታሚን ሲ ሲኖር ነው፤ የሳማው በመቀቀል ስለሚቀንስ ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ይተካዋል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱን ይይዘዋል። የተቀቀለበትን ውኃ መድፋት በውኃ የሚሟሙትን ንጥረ ነገሮች መድፋት ነው።

ወደ መድኃኒትነቱ ስንመጣ ማስረጃው ይሳሳል። በአገራችን ደጋዎች ሳማ ለጨጓራ፣ ለሆድ ሕመምና ለጨብጥ ይነገርለታል። በኢትዮጵያ በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የቅጠሉ ጭማቂ የደም ስኳርን ሲቀንስ ታይቷል። ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ የተጨመቀው መጠን ከአንድ ጭልፋ ወጥ ጋር አይመዛዘንም፤ አይጥም ሰው አይደለችም። በሰው ላይ ከተደረጉት መካከል የሚጠቀሰው በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝ የታተመው ነው። የአውራ ወይም የጠቋሚ ጣታቸው ሥር መጋጠሚያ የሚያማቸው 27 ሰዎች ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ሳማ ሲያስነኩ፣ ከማይለበልብ ቅጠል ይልቅ ሕመማቸው ቀለል ብሎላቸዋል። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ጊዜውም አጭር ነው። ከዚህም በላይ የሚለበልብ ቅጠል የማይለበልብ ማስመሰል ስለማይቻል ታካሚው የትኛው እንደደረሰው ማወቁ አይቀርም።

ጉዳቱ የሚመጣው ሳማ የሕክምናን ቦታ ሲይዝ ነው። ጨብጥ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በጤና ጣቢያ በጸረ ተሕዋስ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ካልታከመ መካንነት ሊያስከትል፣ በወሊድ ጊዜም ወደ ሕፃኑ ዓይን ሊተላለፍ ይችላል። የማይለቅ የጨጓራ ሕመምም ቁስለት ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ደግሞ የሳማ ወጥ ሲያዘወትር ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል፤ በቅጠሉ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሳልና።

ማስረጃው ሲደመር ሳማ በምግብነቱ የተመሰከረለት፣ በመድኃኒትነቱ ገና ያልተረጋገጠ ተክል ነው። በቢቸናም በሞጣም ያለ ቤተሰብ በክረምት ከአጥሩ ሥር ለጋውን ለቅሞ በሽሮና በጥቂት ዘይት ቢሠራው ከድህነት ምልክት ይልቅ ጥሩ የጾም ምግብ አገኘ ማለት ነው። የታመመ ሰው ግን ሳማውን ይብላ፤ ጤና ጣቢያም ይሂድ።