ኃይል አከፋፋዩ ሣጥን፤ ያረጀ ትራንስፈርን በቤት ደጅ ስለ መቀየር

ማናቸውም መሣሪያ የተሠራበትን ዓላማ ያወቀ ሰው ሲይዘው ዕድሜው ይረዝማል፤ ዓላማውን ያላወቀ ሰው ሲይዘው ግን፣ ከጽኑ ብረት የተቀረጸ እንኳ ቢሆን፣ ከዘመኑ በፊት ያረጃል። የዚህን እውነትነት ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች መካከል የቆመውን አሮጌ ላንድክሩዘር ቀርቦ ማየት ይበቃል። ባለቤቱ በእርሱ እንግዳ ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ኤርታ አሌ እየወሰደ ልጆቹን ያሳድግበት ይሆናል፤ ወይም ክረምት በገባ ቁጥር መንገዱ በጭቃ ወደሚዘጋ የወላጆቹ መንደር ለመድረስ ሌላ መንገድ የለው ይሆናል። በዚያም ላይ፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ፣ የብርም ምንዛሪ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ያረጀውን ሸጦ አዲስ መግዛት ለብዙው ሰው የማይታሰብ ስለ ሆነ፣ በእጅ ያለውን ጠግኖ መያዝ የቁጠባ ብቻ ሳይሆን የማስተዋልም ግዴታ ሆኖአል። ስለዚህ ከመኪናው ብልቶች ሁሉ ብዙ ሰው ስሙን እየጠራ ሥራውን የማያውቀውን ትራንስፈርን፣ በምን እንደሚያረጅና በደጅ እንዴት እንደሚቀየር በተራው እንገልጻለን።

ትራንስፈር ከካምቢዮው በስተኋላ ተያይዞ የሚኖር የማርሽ ሣጥን ሲሆን ተልእኮው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከሞተር ተነሥቶ በካምቢዮው በኩል የመጣውን ኃይል ለኋላ ጎማዎች ብቻ ወይም፣ ነጂው ሲያዝዘው፣ ለፊትም ለኋላም ማከፋፈል ነው፤ ሁለተኛውም፣ ከባዱ ማርሽ ሲገባ፣ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶ ጉልበቱን በዚያው ልክ ማብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ለአሜሪካ ጦር መሠራት የጀመረው የዊሊስ ጂፕ ይህን ሣጥን ይዞ በጦር ሜዳ ከተፈተነ በኋላ፣ እንግሊዞች በ1948 ላንድሮቨርን ለዓለም አሳዩ፤ ጃፓኖችም በ1951፣ ኋላ ላንድክሩዘር የተባለውን፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ሠርተው የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ በማስወጣት ኃይሉን አስመሰከሩ።

ለሀገራችን ከባዱ ማርሽ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ተፈጥሮአዊ ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቈረቈረች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ እንግዲህ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር፣ ለምሳሌ በብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ የምናገኘው ባለ 4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዜድ፣ አየሩ በሳሳ መጠን ኃይል ያጣል። በሰሜን ተራሮች ሳንቃበርን አልፎ ወደ ጨነቅ በሚወስደው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው መንገድ፣ ጉድለቱ ይብሳል፤ ሞተሩ በከፍታ ያጣውን በማርሽ የሚክሰው ትራንስፈሩ ነው።

ታዲያ ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠራ ብረት በምን ያረጃል? ከምክንያቶቹ አንዱ ደረቅ አስፋልት ነው ቢባል አንባቢ ይደነቅ ይሆናል። መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ይልቅ ሰፊ ዙር ስለሚሄዱ አብዝተው መሽከርከር አለባቸው፤ ነገር ግን አራቱም ጎማ ሲያያዝ ትራንስፈሩ የፊቱንና የኋላውን ዘንግ በአንድ ፍጥነት ያስራቸዋል። በጭቃና በአሸዋ ላይ ጎማው በመጠኑ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያስታርቃል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለማይችል ውጥረቱ ሁሉ በማርሾቹ ጥርስና በኩሽኔታዎቹ ላይ ይከማቻል። እንደ ፕራዶ ያሉ፣ በትራንስፈሩ ውስጥ ሁለቱ ዘንጎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ መካከለኛ ዲፈረንሻል ያላቸው መኪናዎች ከዚህ ነጻ የሚሆኑት ዲፈረንሻሉ እስካልተቈለፈ ድረስ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የዘይት ማነስ ነው፤ በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ኦይል ሲል ሲበላ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሸጋገር፣ ከመኪናው ሥር አንዲት ጠብታ እንኳ ሳትታይ አንደኛው ሣጥን ይደርቃል። ሦስተኛው ውኃ ነው፤ የጋለ ሣጥን ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኰማተርና በመተንፈሻው ወይም ባረጀ ሲል በኩል ውኃ ይስባል፤ ዘይቱም ነጥቶ ወተት ይመስላል፤ ቅባትነቱም ይጠፋል።

የሣጥኑን ማርጀት የሚናገሩ ምልክቶች ግልጽ ናቸው፤ በጕዞ የሚጨምር የማፏጨት ድምፅ፣ በቍልቍለት ላይ ማርሹ ራሱን ማስለቀቁ፣ ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ከመኪናው ሆድ የሚሰማ ጓ የሚል ምት ናቸው። ይሁን እንጂ ምቱ ከዘንጉ መጋጠሚያ፣ ከክሮቸራም፣ ሊመጣ ስለሚችል፣ በትራንስፈሩ ላይ ከመፍረድ በፊት ክሮቸራውን በእጅ ይዞ መወዝወዝ፣ ቀጥሎም፣ የመሙያውን ቡሎን አስቀድሞ ፈትቶ፣ ዘይቱን ማፍሰስ ይገባል። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የተጣበቀው በጣት መካከል ሲታሽ እንደ ቅባት የሚለሰልስ ግራጫ ደቃቅ ከሆነ የተለመደ መፋቅ ነው፤ ጣት የሚወጋ ስባሪ ከተገኘ ግን ከማርሽ ወይም ከኩሽኔታ የተቈረሰ ነውና ሣጥኑ ይፈታ ዘንድ ፍርዱ ጸንቶአል።

ተለዋጩን ወደ መኪና መለዋወጫ ገበያው፣ ወደ ሶማሌ ተራ፣ ሄዶ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን በሚገባ ሳያውቅ ገንዘቡን አይክፈል። የመኪናውን የሞዴል ቍጥር፣ ኃይል የሚያስገባውን ዘንግ ጥርሶች ብዛት፣ የማርሽ ዘንጉን አቀማመጥና የኪሎ ሜትር መቍጠሪያውን መያዣ አስቀድሞ ይጻፍ፤ በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ሣጥኖች በአንዲት ጥርስ ልዩነት የማይገጣጠሙ ይሆናሉና። ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ዘንጉን በእጅ አዙሮ መሻከሩን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቆ ልቅነቱን፣ አካሉን በጨርቅ ወልውሎ የተበየደ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ይመርምር።

በኮንዶሚኒየም ደጅ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስብለት ነገር ነፍስ ነው። መሬቱ ደልዳላና ጽኑ ይሁን፤ መኪናው በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ላይ ይረፍ እንጂ በክሪክ ብቻ ተደግፎ ማንም ከሥሩ አይግባ፤ በዙሪያው የሚጫወቱ ሕፃናትም ይራቁ። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አደጋ አለ። በብዙ ላንድክሩዘሮች የእጅ ፍሬኑ ታምቡር የተቀመጠው በኋላ ጎማዎች ላይ ሳይሆን በትራንስፈሩ ጫፍ ላይ ስለ ሆነ፣ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ በተፈታባት ቅጽበት፣ የእጅ ፍሬኑ እንደ ተሳበ፣ ካምቢዮውም ማርሽ ውስጥ እንደ ገባ፣ ሁለቱም ጎማውን መያዝ ያቆማሉ። ያን ጊዜ መኪናውን የሚያቆመው ከጎማው ፊትና ኋላ የተሰነቀረው እንጨት ወይም ድንጋይ ብቻ ነውና፣ ይህ ሳይደረግ አንዲት ቡሎን እንኳ አትፈታ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቅደም ተከተል ነው። የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል። ዘይት ከማፍሰስ በፊት የመሙያው ቡሎን ይፈታል፤ መሙያው ዝጎ እንቢ ካለ ሣጥኑ ከነዘይቱ ስለሚቀር መኪናው እስከ ጋራዥ ድረስ መሄድ ይችላልና። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለቱ ዘንጎች ከመፈታታቸው በፊት በተገጠሙበት አኳኋን በቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ምልክታቸው ተሳስቶ ቢመለሱ መኪናው በጕዞ ይንቀጠቀጣል። የሽቦዎቹና የማርሽ ዘንጎቹ አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ይነሣል። ካምቢዮው በክሪክ ከተደገፈ በኋላ ተሸካሚው ብረት ይወርዳል። በአንዳንድ ሞዴል ትራንስፈሩ ለብቻው ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል፤ በሌላው ግን ማርሹ በካምቢዮው ዘንግ ላይ በዳዶ ስለ ታሰረ ከካምቢዮው ጋር አብሮ ማውረድ ይቀላል፤ ይህንን የሚለየው የጥገና መመሪያው መጽሐፍ ነው። ክብደቱ ለአንድ ሰው ጉልበት የማይደፈር ስለ ሆነ ብቻውን የሚያወርደው አይኑር።

አሮጌው ሲወርድ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ በብርሃን ይታይ። ጥርሶቹ ጫፋቸው ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነ ደኅና ነው፤ እንደ ቢላዋ ስለት ሹል ሆነው ከተገኙ ግን በላዩ የሚገጠመው አዲስ ትራንስፈር ብዙ ሳይቈይ ይበላል፤ እዚህ ላይ የቤት ሥራ ወሰኑ ደርሶአልና ካምቢዮውን ለባለሙያ መስጠት ይገባል። ዘንጉ ደኅና ሲሆን በመካከል ያለው ሲልና ጓርኒሲዮኑ በአዲስ ይለወጣሉ፤ ቡሎኖቹም በመመሪያው ኃይል ልክ፣ ፊት ለፊት ያሉት እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ዘይቱ፣ ብዙ ጊዜ 75 ደብልዩ 90 የሚባለው፣ ከመሙያው ቀዳዳ መንጠባጠብ እስኪጀምር ይሞላል፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላም ይለወጣል። የፈሰሰው ዘይት በጀሪካን ተይዞ ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጥ እንጂ በጎርፍ ማውረጃ አይደፋ፤ የየካ አባዶ አካባቢ ጅረቶች ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ በወንዙ ዳር ደግሞ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ አለ።

የወረደውንም ሣጥን ሳይከፍቱት ለቍራሌው አይስጡት። ማርሾቹ በሙቀት ሰማያዊ መልክ ይዘው ከተገኙ የገደለው የዘይት ማነስ ነው፤ ዝገት ከተገኘ ውኃ ነው፤ የጥርሶቹ ፊት ተቦርቡሮና ተቈራርሶ ከታየ ደግሞ አራቱን ጎማ አያይዞ በደረቅ መንገድ መንዳት ወይም መኪናው እየሄደ ከባድ ማርሽ በግድ ማስገባት ነው። ይህን ያወቀ ባለቤት ዘይቱን በየጊዜው ይለካል፤ ከወንዝ ማግስት ይመረምረዋል፤ ወደ አስፋልት ሲወጣም የፊቱን ያላቅቃል። ምክንያቱን ሳያውቅ ዕቃውን ብቻ የለወጠ ግን ያንኑ ወጪ ለሁለተኛ ጊዜ ለመክፈል ቀጠሮ ይዞአል።