ያውቁ ኖሯል? ከተጠቀለለ ላሜራ እስከ ቤትዎ ጣራ

የቤትዎ ቆርቆሮ፣ የማቀዝቀዣዎ ገላ፣ የመኪናዎ ቦዲ፣ የቲማቲም ድልሁ ጣሳ፤ ሁሉም መነሻቸው አንድ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሽፋን ተቀብቶ የተጠቀለለ ስስ ብረት ነው። ሸክሙን የሚችለው ብረቱ ቢሆንም ዕድሜውን የሚወስነው ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ነው። ስለዚህ ሽፋን ማንም ቤት ሠሪ ሊያውቀው የሚገባውን እነሆ!

ታሪኩ

• ብረትን በቀለጠ ዚንክ ነክሮ ከዝገት ማዳን እንደሚቻል ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ዣክ ማሉዋን ለአገሩ የሳይንስ አካዳሚ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1742 ነው። ሐሳቡ ሥራ ላይ እስኪውል ግን መቶ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሌላው ፈረንሳዊ ስታኒስላስ ሶሬል የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1837 ነው።

• ሞገድ ያለው ቆርቆሮ ከዚንክ ሽፋኑ ይቀድማል። የለንደን ወደብ መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር በ1829 ነው የፈጠራ መብቱን ያገኘው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሞገደኛ ቆርቆሮዎች ዚንክ አልነበራቸውም።

• ቆርቆሮ የድሃ ቤት ክዳን ብቻ ሆኖ አያውቅም። የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት በስኮትላንዱ የባልሞራል ቤተ መንግሥት ከሞገደኛ ቆርቆሮ የዳንስ አዳራሽ ያሠራው በ1851 ነው።

• እ.ኤ.አ. በ1883 የተመረቀው የኒውዮርኩ የብሩክሊን ድልድይ የተንጠለጠለው ዚንክ በተቀቡ የብረት ሽቦዎች ላይ ነው።

• በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916፣ የጦር መሐንዲሱ ፒተር ኒሰን ከሞገደኛ ቆርቆሮ ግማሽ ክብ ቅርጽ ያለው የወታደር መጠለያ ሠራ። ዛሬም በስሙ ይጠራል።

• ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ከዚያ በፊት የውጭ ዕቃ ሐዲዱ ካበቃበት ወደ መሐል አገር የሚመጣው በጭነት ከብት ነበር። ዛሬ ጥቅሉ ላሜራ በጅቡቲ ወደብ በኩል ገብቶ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ሞገድ ያወጡለታል፤ በልክም ይቆርጡታል።

• እስከ 1920ዎቹ ድረስ ላሜራ ዚንክ የሚነከረው አንድ በአንድ ነበር። ጥቅሉን ፈትቶ ሳያቋርጥ በዚንክ ገንዳ ውስጥ የማሳለፍን ዘዴ በ1930ዎቹ ለኢንዱስትሪ ያበቃው ፖላንዳዊው መሐንዲስ ታዴዉሽ ሰንድዚሚር ነው። ዛሬ የዓለም ፋብሪካዎች የሚሠሩት በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

ፋብሪካው ውስጥ

• ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ባለ 10 ቶን ጥቅል ቢተረተር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

• ዚንክ የሚቀልጠው በ420 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ገንዳው የሚሠራው ግን በ450 እና በ460 መካከል ሲሆን፣ ላሜራው ውስጡ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው።

• ዚንክ በቆሸሸ ወይም በዛገ ብረት ላይ አይዝም። ላሜራው መጀመሪያ ይታጠባል፤ ከዚያ ሃይድሮጅን ባለበት ምድጃ ውስጥ አልፎ ላዩ ላይ የቀረው ስስ ዝገት ይራገፋል። አየር ሳይነካውም በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ይገባል።

• በገንዳው ውስጥ ካለው ዚንክ ጋር 0.2 በመቶ የማይሞላ አሉሚኒየም ይጨመራል። ይህች ቁንጥር ባትኖር ብረቱና ዚንኩ ተዋሕደው ተሰባሪ ንብርብር ይፈጥራሉ፤ ቆርቆሮው ሞገድ ሲወጣለትም ሽፋኑ ይፈረፈራል።

• የሽፋኑን ውፍረት የሚወስነው አየር ነው። ላሜራው ከገንዳው ሽቅብ ሲወጣ በስስ ቀዳዳ የሚተኮስ ኃይለኛ አየር ወይም ናይትሮጅን ትርፉን ዚንክ ጠርጎ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል።

• መስመሩ አይቆምም። አንዱ ጥቅል ሲያልቅ ጫፉ ከሚቀጥለው ጋር ይበየዳል። ብየዳው እስኪያልቅ ገንዳውን የሚመግበው አስቀድሞ በረጃጅም ማማዎች ላይ የተጠራቀመ ላሜራ ነው።

• በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ የሚታየው አበባ መሰል ጌጥ የዚንክ ክሪስታል ነው። ዚንኩ ውስጥ እርሳስ ወይም አንቲሞኒ ሲኖር አበባው ይጎላል። አዲሱ ቆርቆሮ ልሙጥ መሆኑ ጥራቱ መጓደሉን አያሳይም።

• ሞገዱ ለውበት አልተሠራም። 76 ሚሊ ሜትር ስፋትና 18 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው የተለመደው ሞገድ፣ 0.4 ሚሊ ሜትር ላሜራ በሞገዱ ርዝመት በኩል መጉበጥን የሚቋቋምበትን አቅም ከሺህ ጊዜ በላይ ያሳድገዋል። ሳይጎብጥ ከሞራሌ እስከ ሞራሌ የሚዘልቀው ለዚህ ነው።

ሽፋኑ እንዴት ይሠራል?

• «ዜድ 275» የሚል ምልክት፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላሜራ ላይ የሁለቱ ገጽ ዚንክ ተደምሮ 275 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። በአንድ ገጽ ሲሰላ 20 ማይክሮን ገደማ፣ ማለትም ከሰው ፀጉር ውፍረት ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ጣራዎን ከክረምት እስከ ክረምት የሚያሻግረው ይህ ነው።

• ዚንክ ብረቱን የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው። ሳይጫር ውሃና አየር ከልክሎ ይጠብቀዋል፤ ሲጫር ደግሞ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ይጠብቀዋል። የተቆረጠ የቆርቆሮ ጠርዝ ወዲያው የማይዝገው አጠገቡ ያለው ዚንክ ስለሚሠዋለት ነው።

• ቀለም ይህን አያደርግም። ዚንክ በሌለው ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ሲጫር ዝገቱ በቀለሙ ሥር እየሰረገ ይሄዳል።

• የተጫረ የጣሳ ገጽ ደግሞ ከነጭራሹ ይብሳል። ጣሳ የሚለበጠው በዚንክ ሳይሆን በቲን ነው። ቲን ከብረት ይልቅ ዝገትን ስለሚቋቋም፣ በውጪው ገጽ ጭረት ሲያገኘው ብረቱ ቶሎ ይበላል።

• አዲስ ቆርቆሮ ብልጭልጩን ሲያጣ አይዘኑ። ዚንኩ ከአየርና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ግራጫ፣ ጠንካራና በቀላሉ በውሃ የማይሟሟ ሽፋን እየሠራ ነው። ዕድሜውን የሚያረዝመው ይህ ግራጫነት ነው።

• ዓለም አቀፉ የዝገት መለኪያ አየርን በደረጃ ይከፍለዋል። ንጹሕ አየር ባለበት ገጠር ዚንክ በዓመት ከ0.7 ማይክሮን በታች ይበላል፤ ጨዋማ በሆነ የባሕር ዳርቻ ግን ከ4 እስከ 8 ማይክሮን ሊበላ ይችላል። በአንድ ገጽ 20 ማይክሮን ዚንክ ያለው ቆርቆሮ እንዲህ ባለው ገጠር ከ28 ዓመት በላይ ሊቆይ፣ ወደብ አጠገብ ግን 5 ዓመት ሳይሞላ ሽፋኑን ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው።

• የዚንኩ መጠን እጥፍ ሲሆን የአገልግሎት ዘመኑም በዚያው መጠን እጥፍ ይሆናል።

• አሉዚንክ በክብደት 55 በመቶው አሉሚኒየም፣ 43.4 በመቶው ዚንክ፣ 1.6 በመቶው ሲሊከን ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ቤተልሄም ስቲል ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

• የአሉዚንክ «ኤዜድ 150» እና የዚንኩ «ዜድ 275» ውፍረታቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም በአንድ ገጽ 20 ማይክሮን ገደማ ናቸው። አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ ነው ግራሙ ያነሰው። ቁጥሩን ብቻ አይተው «ይሄ ይሻላል» አይበሉ።

• ማግኒዚየም የታከለበት አዲስ ትውልድ ሽፋንም አለ። የተቆረጠ ጠርዝን በተሻለ ስለሚጠብቅ የፀሐይ ኃይል ፓነል የሚሸከሙ ብረቶች በብዛት ይሠሩበታል።

ባለቀለሙ

• ባለቀለም ቆርቆሮ የሚቀባው ቅርጽ ከወጣለት በኋላ አይደለም። ጠፍጣፋ ጥቅል ሳለ ተቀብቶ ይደርቃል፤ ከዚያ ይታጠፋል፣ ሞገድ ይወጣለታል። ቀለሙ አብሮ መታጠፍ መቻል አለበት።

• ይህ ዘዴ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲጀመር የተቀባው ጣራ ሳይሆን የመስኮት መጋረጃ የሆነ ስስ የብረት ቅጠል ነበር።

• ቀለሙ በምድጃ ውስጥ የሚበስለው አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ነው። የብረቱ ሙቀት በዚያች ቅጽበት ከ200 ዲግሪ ይበልጣል።

• የተለመደው የላይኛ ገጽ ቀለም ከነመሠረቱ 25 ማይክሮን ገደማ ነው። ፀሐይ እንዳያደበዝዘው የሚጠብቀው ቀለሙ ነው፤ እንዳይዝግ በዋናነት የሚጠብቀው ግን ከሥሩ ያለው ዚንክ ወይም አሉዚንክ ነው።

ከጣራ ባሻገር

• በዓለም ከሚመረተው ዚንክ ግማሽ ያህሉ የሚውለው ብረትን ለመሸፈን ነው።

• የምግብ ጣሳ የቲን ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮን በታች ነው።

• ትራንስፎርመር ውስጥ ያለው ብረት የተደራረበ ስስ ላሜራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቅጠል ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ተለብጧል። ያ ሽፋን ባይኖር ብረቱ ውስጥ የሚሽከረከረው ጅረት ኃይሉን ወደ ሙቀት ለውጦ ያባክነው ነበር።

• ፖርሽ 911 መኪናውን ዚንክ ከተለበጠ ላሜራ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው።

• አሮጌ ቆርቆሮ አይጣልም። በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲቀልጥ ብረቱ እንደገና ብረት ይሆናል፤ ዚንኩ ደግሞ በትነት ወጥቶ ከምድጃው አቧራ ውስጥ ተለይቶ ሊወሰድ ይችላል።

ገበያና ግንባታ ላይ

• የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። በብሪታንያው አለካክ 28 ጌጅ 0.4፣ 30 ጌጅ 0.3፣ 32 ጌጅ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

• ጌጅ ስለ ዚንኩ ምንም አይናገርም። ሁለት ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮዎች የአንዱ ሽፋን የሌላውን ግማሽ ሊሆን ይችላል።

• ተደራርቦ ዝናብ የመታው አዲስ ቆርቆሮ ነጭ ዱቄት ያወጣል። በቅጠሎቹ መካከል ውሃ ሲገባና አየር ሲያጣ ዚንኩ በከንቱ ይበላል። ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በአንድ በኩል ዘመም አድርገው፣ ከዝናብ ከልለው ያስቀምጡ።

• ቆርቆሮ በግራይንደር መቁረጥ ሽፋኑን ያቃጥላል። ፍንጣሪው ደግሞ ላዩ ላይ ተጣብቆ በጥቂት ቀናት የዝገት ነጠብጣብ ይሆናል። በቆርቆሮ መቀስ ያስቆርጡ፤ የብረት ብናኙን በዕለቱ ያስጠርጉ።

• መዳብ የነካ ውሃ ዚንክና አሉዚንክን ይበላል። የመዳብ ቱቦ የሚያንጠባጥብበት ጣራ ዕድሜው አጭር ነው።

• አሉዚንክ እርጥብ ሲሚንቶ አይወድም፤ የከብትና የዶሮ ቤት አሞኒያም ይጎዳዋል። ለእርባታ ቤት ሌላ ሽፋን ይጠይቁ።

• ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ብረት የሚቀልጠው ግን በ1,500 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ብየዳ ላይ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ይተናል። ጭሱን የሳበ በያጅ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያተኩሰዋል። ወተት መጠጣት ከዚህ አያድንም። የሚያድነው ዚንኩን ከመበየጃው ቦታ ፍቆ ማንሳት፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሥራትና ተገቢውን ጭምብል ማድረግ ነው።

• በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ ቦታ 50 ካሬ ሜትር ጣራ የሚያርፍበት ውሃ 55,000 ሊትር ይሆናል። የሚፈስና የሚተን ቢቀነስለት እንኳ፣ አሸንዳና ታንከር ላለው ቤተሰብ ትልቅ ሀብት ነው።

ቆርቆሮ ሲገዙ ታዲያ ከቀለሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የብረቱ ውፍረት ያለ ቀለሙ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ሽፋኑ ዚንክ ነው ወይስ አሉዚንክ? በካሬ ሜትርስ ስንት ግራም ነው? መልሱን በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ጠያቂ ገዢ ሲበዛ ጥሩ ቆርቆሮ የሚያመጣ ነጋዴም ይበዛል።