ቲማቲሙና ሐይቁ

ድሮ የባዮሎጂ ተማሪዎቼን ለጉብኝት ስወስድ ቅጽ አድል ነበር፤ ያየኸው ወፍ፣ ያየኸው አጥቢ፣ ያየኸው ዛፍ። ከአውቶቡስ ሳይወርዱ ግማሹን ተኮራርጀው ይጨርሱታል። ቅጹን የተውኩት አብያታ ላይ ነው።

አብያታ ሻላ ፓርክ ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳለን። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ አብያታ ግን ዝርግ ሳህን ነው። ከሳህን ትንሽ ውሃ ሲጎድል ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ይህን ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬዋለሁ፤ የጠየቀኝ የለም። እዚያ ግን ወደ ውሃው ብንሄድ ብንሄድ አልደረስንም። መሬቱ ነጭ ቅርፊት ነው፤ ሲረግጡት ይሰበርና ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ብቅ ይላል። የአንዱን ልጅ ጫማ ዋጠው (እናቱ በማግስቱ ደውለውልኛል)።

አብሮን የነበረው የፓርኩ ስካውት "የቆማችሁበት ውሃ ነበር" አለ። ፔሊካኖች ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ፣ አብያታ መጥተው ዓሣ ይበሉ ነበር። ውሃው ሲቀንስ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ተመናመኑ።

"ታዲያ ያ ማዶ የሚታየው ፍላሚንጎ ለምን አልሄደም?" አለ ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። በመጨረሻ አንዷ ያነሳችውን ፎቶ ሞባይሏ ላይ አጉልታ ምንቃሩን አሳየች፤ ወደ ታች የተቆለመመ፣ እንደ ፔሊካን ከረጢት የሌለው። "ይሄ እኮ ዓሣ አይይዝም፤ የሚያጠልል ነገር ነው" አለች። አልጌ የሚለውን ቃል ብቻ ጨመርኩላት።

ውሃው የት እንደገባ ጭቃው ላይ በእንጨት ሳልኩላቸው። የመቂ ወንዝ ዝዋይ ይገባል፣ ከዝዋይ በቡልቡላ አብያታ ይደርሳል። በመንገዱ ሁሉ ለመስኖ ይሳባል፤ ከሐይቁም ራሱ ለሶዳ አሽ ተስቧል።

"ቲቸር፣ ጠዋት መቂ ላይ ያየነው ቲማቲም ነው የጠጣው?"

"እሱም አለበት" አልኳት።

ስንመለስ ሾፌሩ እንደ ልማዱ መቂ ላይ አቆመ። የቲማቲም ሣጥኖች ከመንገዱ ዳር ተደርድረዋል፤ ዋጋው ከአዲስ አበባ ጋር አይወዳደርም። ስለ ቲማቲሙ የጠየቀችኝ ልጅ በመስኮት እያየችኝ ሦስት ኪሎ ገዛሁ።