ቮልስዎን ለፊልም ሲያውሱ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት ያወጣቻቸው መኪና ሊሞዚን አልነበረችም፤ ቮልስ ነበረች። ይህን ታሪክ በፊልም ልሥራ የሚል ዳይሬክተር ቤተ መንግሥቱን በሌላ ሕንጻ፣ ሕዝቡንም በጥቂት ሰዎችና በካሜራ ዘዴ ሊተካ ይችላል። ቮልሷን ግን የሚተካለት ነገር የለም። የአበበ ቢቂላ ታሪክም እንደዚያው ነው፤ በ1961 ዓ.ም ሸኖ አካባቢ አደጋ የደረሰበት ቮልስ ሲነዳ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም በታሰበ ቁጥር ለአንድ ባለመኪና ስልክ ይደወላል። ደዋዩም ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ “የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?” ይላል።

ፊልም ሠሪው ከቁንጅናዋ ይልቅ ዕድሜዋን ነው የሚፈልገው። ቮልስ ለማያውቃት ሰው ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ናት፤ ለሚያውቃት ግን ዓመቷን ፊቷ ላይ ጽፋ የምትዞር መኪና ናት። እስከ እ.ኤ.አ. 1967 አጋማሽ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት የፊት መብራታቸው መስታወት የፓራፋንጎውን ቅርጽ ተከትሎ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መብራታቸው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፓራውልታቸውም ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው። እንግዲህ ስለ ታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በሚሠራ ፊልም ውስጥ መብራቷ ቀጥ ያለ ቮልስ ብቅ ካለች፣ ነገሩ የገባው ተመልካች አጠገቡ የተቀመጠውን በክርኑ መጎሸሙ አይቀርም። ላዳም ታጋልጣለች፤ 2107 የሚባለው ሞዴል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ስለሆነ ለ1966ቱ አብዮት አይደርስም። (እግረ መንገዴን፦ ኢትዮጵያ ከግራ መስመር ወደ ቀኝ የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም ነው። ስለዚህ የታኅሣሡን ግርግር የሚቀርጽ ሰው ትክክለኛዋን ቮልስ ቢያገኝ እንኳ በግራ በኩል ማስነዳት ይኖርበታል።)

አብዛኛው ባለመኪና ቅር የሚለውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ያስቀባት የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ አዲሱ ቸርኬ፣ የገጠመላት ደማቅ ነጭ መብራት ለቀረጻ እንከን ናቸው። ጋራዥ የከረመችው፣ ቀለሟ የደበዘዘው፣ ወንበሯ የፋብሪካውን ልብስ እንደለበሰ ያረጀው የጎረቤቱ መኪና ትመረጣለች። ለፊልም ሲባል ዕቃ መቀየር ካስፈለገ፣ የተነሳው ሁሉ ተመልሶ እንደሚገጠምና ወጪው የፕሮዲዩሰሩ እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቦሎም የዘመኑ ስላልሆነ መሸፈን አለበት። ታርጋው የባሰ ጣጣ አለው። የድሮ አስመስሎ የተሠራ ታርጋ ለጥፎ ባልተዘጋ መንገድ ላይ መንዳት ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ያጋጫል፤ ፈቃዱን ማውጣት የቀረጻው ክፍል ሥራ ነው፣ ወረቀቱን በዓይንዎ ሳያዩ ግን ቁልፍ አይስጡ።

ስክሪፕቱንም ጠይቀው ያንብቡ፤ ቢያንስ መኪናዋ ያለችበትን ገጽ። መኪናዋ የምትጋጭ ወይም ከገደል የምትወረወር ከሆነ ያቺ መኪና የእርስዎ መሆን የለባትም። ትልልቆቹ ፊልም ሠሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው “ፌሪስ ቢውለርስ ዴይ ኦፍ” ፊልም ላይ የጋራዡን መስታወት ሰብራ ቁልቁል የምትወድቀው ፌራሪ ፌራሪ አይደለችም፤ አስመስለው የሠሯት ናት። “ዘ ዱክስ ኦፍ ሃዛርድ” የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ደግሞ ለዝላዩ ሲል ዶጅ ቻርጀሮችን በመቶዎች ፈጅቷል። እነዚያ ግን ሊሰባበሩ የተገዙ ነበሩ።

አሁን ወደ ሕጉ። እኛ ዘንድ የፊልም ሥራ በአብዛኛው በትውውቅ ስለሚሄድ “ለአንድ ቀን ናት፣ ምን አለበት” ተብሎ ቁልፉ በቃል ይሰጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ግን ባለ ተሽከርካሪው መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ተዋናዩ መብራት የተሸከመውን ሠራተኛ ቢገጭ የሚጠራው የእርስዎ ስም ነው ማለት ነው። የግዴታው የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሌላውን ሰው ጉዳት እንጂ የመኪናዋን ጥገና አይሸፍንም። ሙሉ ኢንሹራንስ ቢኖርዎትም ውሉ መኪናዋን ለግል አገልግሎት ብቻ የሚል ከሆነ፣ በኪራይ ላይ ሳለች ለሚደርሰው ነገር ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል። በእኔ እምነት ከኪራዩ ዋጋ በፊት መነጋገር የሚገባው የመኪናዋ ዋጋ ነው። ብትጠፋ ወይም ብትቃጠል ስንት እንደሚከፈል ቁጥሩ በጽሑፍ ይስፈር፤ አሮጌ መኪና በዕድሜዋ ልክ ከተገመተች የምታወጣው ገንዘብ ምትኳን አይገዛም።

ቀረጻ ለአሮጌ መኪና ከረጅም ጉዞ ይከብዳታል። ረጅም ጉዞ ላይ አየር ታገኛለች። ቀረጻ ላይ ግን ትነሳለች፣ አሥር ሜትር ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ይህ ሃያ ጊዜ ይደጋገማል። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩን የሚገፋው ማራገቢያና ባትሪውን የሚሞላው ጀነሬተር በአንድ ቺንጋ ይዞራሉ። ቺንጋው ከተበጠሰ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ፣ ዳሽቦርዱ ላይም ቀይ መብራት ይበራል። ተዋናዩ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህችን አይርሳ፦ ቀዩ ከበራ ዳይሬክተሩ “ቁረጥ” እስኪል ሳይጠብቅ ሞተሩን ያጥፋ። ሌላም አለ። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ባትሪዋ ሲደክም ከቀረጻ ሠራተኞቹ አንዱ ደግነት ተሰምቶት ከራሱ መኪና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ኬብል ቢቀጥልላት አምፖሎቿን ያቃጥላል።

ቀለሟም ጠላት አያጣም። ካሜራ ለመትከል የሚጠቀሙበት በመምጠጥ የሚጣበቅ መያዣ አሮጌና የተነፋ ቀለም ይዞ ይነሳል፤ ምልክት ለማድረግ የሚለጥፉት ፕላስተርም እንደዚያው። ለዚህ ሁሉ መፍትሔው አንድ ነው። ከመኪናዋ የማይለይ፣ ጠባይዋን የሚያውቅ ሰው በቦታው ይኑር፤ እርስዎ ራስዎ ወይም መካኒክዎ። እሱም ንግግር በሚቀዳበት ትዕይንት ሞተሩ ጠፍቶ መኪናዋ በሰው ኃይል እንድትገፋ ይጠይቅ፤ የሞተሩን ድምፅ ለብቻው ቀድቶ በኋላ መጨመር ይቻላል። ፍሪሲዮን ረግጦ የማያውቅ ወጣት ተዋናይ ከመጣ ደግሞ መኪናዋን ዝቅ ባለ ተጎታች ላይ ጭኖ መቅረጽ ያዋጣል። ተመልካቹ ልዩነቱን አያይም።

ስለ ክፍያ ብዙ አልልም። በቀን ይቆጠር፤ ቆማ የምትጠብቅበት ሰዓትም ይከፈልበት፣ ማጓጓዣውም እንዲሁ። ትዕይንቱ በሌላ ቀን ከቀጠለ መኪናዋ ባለችበት ሁኔታ መቆየት ስላለባት በመካከል አትታጠብም፤ ያም ቀን ቀን ነው። አንዳንድ ባለመኪና ፊልም ላይ ከወጣች ዋጋዋ ይጨምራል ብሎ በርካሽ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው “ቡሊት” ፊልም ላይ ስቲቭ ማክዊን የነዳት ፎርድ ሙስታንግ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማውጣቷ እውነት ነው። ግን እሷ የፊልሙ ሁለተኛ ኮከብ ነበረች፤ ከበስተኋላ ለጥቂት ሰከንድ ላለፈች መኪና ማንም ጨረታ አይጠራም።

ሲመልሱልዎት ብዙ ጊዜ ምሽት ነው፤ ሁሉም ደክሞታል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። በማግስቱ በቀን ብርሃን እንደሚረከቡ ውሉ ላይ ካስጻፉ ግን ተረጋግተው ከመስጠትዎ በፊት ካነሷት ፎቶ ጋር ያስተያዩአታል። ኮፈኑ ላይ የመምጠጫው ክብ ምልክት፣ ዳሽቦርዱ ሥር ለድምፅ መቅጃ ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ፣ በሩ ላይ የቀረ ሙጫ ካለ ይመልከቱ። የመብራት ነጸብራቅ እንዳያስቸግር ኒኬሉ ላይ የተረጨውን ማደብዘዣ ማንም በቤንዚን እንዳይፈትገው ይከልክሉ፤ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይሞከር።