የጥርባ አየር በሃይላንድ

ጥርባ ሐይቅ ዳር ቆሞ ውኃውን የጨረሰ መንገደኛ የአንድ ሊትር ሃይላንዱን ክዳን ግጥም አድርጎ ዘጋው እንበል። በእንጅባራ በኩል ወደ ቻግኒ፣ ከዚያም በግልገል በለስ አድርጎ የሕዳሴው ግድብ ወዳለበት ጉባ ሲወርድ የሃይላንዱ ጎን ገባ ገባ ብሎ ይጨማደዳል። ማንም አልተጫነውም፣ ማንም አልረገጠውም። “ባዶ” የምንለው ሃይላንድ ባዶ አልነበረም።

በውስጡ ስንት የአየር ቅንጣት አለ?

በዓይን የማይታይ ነገር እንዴት ይቆጠራል? ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ከአጥር ጀርባ የቆመ ሰው ፈረሶቹን አያይም፤ ኮቴውን ግን ይሰማል። የግልቢያውን ፍጥነት ካወቀ ከድምፁ ብዛታቸውን ሊገምት ይችላል። የአየር ግፊትም እንዲሁ የኮቴ ድምፅ ነው፦ ቅንጣቶቹ የሃይላንዱን ግድግዳ ያለማቋረጥ ሲደበድቡ የሚሰማ ጫና። የሩጫቸውን ፍጥነት ደግሞ ሙቀቱ ይነግረናል። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ ይበራል።

ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል በርኑሊ ይህን ሐሳብ በ1738 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ ሰሚ አላገኘም ማለት ይቻላል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1865 እ.ኤ.አ.፣ ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሎሽሚት የአየር ሞለኪውልን መጠን ገመተ፤ ከዚያ በኋላ ቆጠራው ሩቅ አልነበረም።

ስሌቱ ከገበያ ሒሳብ አይከብድም። ግፊቱን በይዘቱ አባዝቶ፣ ለሙቀቱና ቦልትዝማን ለተባለው እጅግ ትንሽ ቋሚ ቁጥር ብዜት ማካፈል ነው። እንጅባራ አካባቢ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግፊቱ ወደ 75,000 ፓስካል ይጠጋል፤ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ መሆኑ ነው። (እዚያ ውኃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ የሚፈላውና ድንች ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው።) በአንድ ሊትር ሲባዛ 75 ጁል ይሆናል። ሙቀቱ 15 ዲግሪ፣ ማለትም 288 ኬልቪን ከሆነ፣ መልሱ 19 ተጽፎ 21 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ነው።

ይህ ስሌት ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንደማይሳሳቡና ቦታ እንደማይዙ አድርጎ ያስባል። ይህ እውነት አይደለም፤ ግን እንዲህ በሳሳ አየር ላይ ስሕተቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

ጉባ፣ 600 ሜትር ገደማ ላይ፣ የውጪው ግፊት ወደ 94,000 ፓስካል ይደርሳል። ሙቀቱም 35 ዲግሪ ቢሆን የታሸገው አየር ይዘት ከመቶ 15 ያህል ይቀንሳል። ቁጥሩ ግን ያው ነው፤ አንድም ቅንጣት አልወጣም። ክዳኑ ሲከፈት ፉጨት ይሰማል፣ ፕላስቲኩም ቀና ይላል። በዚያች ቅጽበት የሚገቡት የጉባ ሞለኪውሎች 3 ተጽፎ 21 ዜሮ ገደማ ናቸው።