የፋይበርግላስ ስንጥቅ በደጋ አየር

ፋይበርግላስ ሬዚን በተባለ፣ ከማጠንከሪያው ጋር ሲቀላቀል በሚጠጥር ፈሳሽ ሙጫ የተነከረ የብርጭቆ ቃጫ ሲሆን፣ በዓለም ላይ በይበልጥ የሚታወቀው በጀልባ ሥራ ቢሆንም፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለጠጋኝ የሚቀርበው በውኃ ታንከርና በመኪና አካል መልክ ነው። የጀልባ ጠጋኞች ስለ ስንጥቅ ያካበቱት ዕውቀት ግን እዚህም ያገለግላል።

አስቀድሞ ዕቃው በእርግጥ ፋይበርግላስ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ በተለምዶ ሮቶ የሚባለው ታንከር ሙቀት ከሚያቀልጠው ከፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ የሚሠራ በመሆኑ ሬዚን አይይዘውም፣ የተለጠፈበትም ጥጋኝ ብዙ ሳይቆይ ይላቀቃል።

ስንጥቅ የጫና አሻራ ነው። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ኮከብ የተበተነው ምት መኖሩን ሲያመለክት፣ ጎን ለጎን የተሰለፈው ደግሞ አካሉ በቂ ድጋፍ አጥቶ እየተለመጠ መቆየቱን ይናገራል፤ የታንከሩ መቀመጫ ሳይስተካከል ስንጥቁን ብቻ መድፈን የባለቤቱን ገንዘብ ማባከን ነው። ጉዳቱ ጄልኮት በሚባለው የላይኛው ቀጭን ሽፋን ላይ መቅረቱን ወይም ቃጫው ዘንድ መድረሱን ለመለየት ዙሪያው በሳንቲም ይንኳኳል፤ ጥርት ያለ ድምፅ የጤናማ አካል፣ የታፈነ ድምፅ ደግሞ ንብርብሮቹ የመላቀቃቸው ምልክት ነው።

ቃጫው ከተቆረጠ ስቱኮ የሚባለው መድፈኛ ቀዳዳውን ይሸፍን እንጂ ጫና አይሸከምም። አሮጌው ሬዚን ውህደቱን ስለጨረሰ አዲሱ የሚይዘው በሻከረ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስንጥቁ ግራና ቀኙ ከውፍረቱ 12 እጥፍ ያህል እየሳሳ፣ ማለትም ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየጎኑ 60 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ፣ አቧራው ተጠርጎና በአሴቶን ተወልውሎ ቃጫው በንብርብር ይነጠፋል። የብርጭቆ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ ያለ አፍንጫ መሸፈኛ መሞረድ ፈጽሞ አይገባም።

በእነዚህ ከተሞች ትልቁ ፈተና ብርዱ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በመገኘቷ ሌሊቷ ስለሚበርድ፣ የተለመደው ፖሊስተር ሬዚን ደግሞ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ጥጥረቱ እጅግ ስለሚዘገይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ማታ የተጀመረ ሥራ ሲነጋም ሊያጣብቅ ይችላል። ጠጋኙ ተቻኩሎ ማጠንከሪያውን ከተለመደው ከ1 እስከ 2 በመቶ በላይ ቢጨምር ሬዚኑ ከልክ በላይ ሞቆ ይሰባበራል፤ የሚሻለው ረፋድ ላይ መጀመር፣ ቦታውን ከነፋስ መከለልና ማታ በመብራት ማሞቅ ነው። ከፍታው የፀሐይን ጨረርም ስለሚያበረታ፣ ያለ ጄልኮት ወይም ያለ ቀለም የተተወ ጥጋኝ ገጹ ተበልቶ ቃጫው ይገለጣል።

የመጠጥ ውኃ በሚያዝበት ታንከር ጥጋኙ ለምግብ ዕቃ በተፈቀደ ሬዚን መሠራት አለበት፤ ሽታውም እስኪጠፋ ድረስ ቢያንስ ለበርካታ ቀናት ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያም ታጥቦ የመጀመሪያው ሙሌት ይደፋል።