የሽያጭ ፕሮግራም በቅጂ ስለሚይዛቸው መረጃዎች

የዋጋና የዕቃ መዝገባቸውን ወደ ኮምፒዩተር ያዛወሩ አባሎቻችን ፕሮግራም ሲያሠሩ ከባለሞያው የሚቀርብላቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ካሽ ምን ምኑን ይያዝ?» የሚል ነው። ቃሉ ጥሬ ገንዘብ ከሚለው ካሽ ጋራ በድምፅ ቢመሳሰልም ዝምድና የለውም፤ መደበቅ ከሚለው የፈረንሳይኛ ግሥ የመጣ ሲሆን፣ በቅርብ የተያዘ ቅጂ ማለት ነው።

አሠራሩ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ዋናው መዝገብ በመጋዘን የሚገኝ ከሆነ፣ ሻጩ ደንበኛ በጠየቀው ቊጥር ወደዚያ ሰው ከመላክ ይልቅ የዋጋውን ዝርዝር ገልብጦ ከባንኮኒው ሥር ያኖራል። ፕሮግራሙም እንደዚሁ ደጋግሞ የሚፈለገውን ከዋናው የመረጃ ቋት ገልብጦ በፈጣኑ ሜሞሪ ይይዛል። ጥቅሙ ፍጥነት ነው፤ ጉዳቱም ዋናው ሲለወጥ ቅጂው አሮጌ ሆኖ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይህ ቊጥር ቢያረጅ ምን ያህል እከስራለሁ?» ተብሎ ሊመዘን ይገባዋል።

የዕቃው ሥዕልና መግለጫ አንድ ቀን ቢያረጅ ማንንም አይጎዳም። የውጭ ምንዛሪ ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት ዕለት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ74 ብር በላይ ሆኗል። ምንዛሪውን ለሳምንት እንዲይዝ የታዘዘ ፕሮግራም ያለው አስመጪ ቢኖር፣ ዕቃውን የሚተካበትን ዋጋ በእያንዳንዱ ዶላር 17 ብር ያህል አሳንሶ ይተምን ነበር። ፕሮግራሙም ስሕተቱን አያስታውቅም፤ ቅጂው ከእጁ እስካለ ድረስ ዋናውን አይጠይቅምና።

የቀሪ ዕቃ ብዛት ደግሞ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለት ሱቆች እያንዳንዳቸው «አንድ ቀርቷል» የሚል ቅጂ ቢይዙ፣ ያንኑ አንድ ዕቃ ለሁለት ሰው ይሸጣሉ። ለጠያቂ ቅጂውን ማሳየት ይቻላል፤ ሽያጩ ሲፈጸም ግን ዋናው መዝገብ ተጠይቆ እዚያው መቀነስ አለበት። የደንበኛ ዱቤም እንዲሁ ነው። አንድ ሱቅና ጥቂት ደንበኛ ብቻ ያለው ነጋዴ፣ በእኛ አስተያየት፣ ቅጂ ጨርሶ ባይዝ ይሻለዋል።

ቅጂ የሚታደሰው ዕድሜ ተወስኖለት፣ ወይም ዋናው በተለወጠ ጊዜ እንዲሰረዝ ታዝዞ ነው። ሁለተኛው የተሻለ ቢመስልም፣ መሥመር ተቋርጦ ትእዛዙ ሳይደርስ የቀረ እንደ ሆነ አሮጌው ቅጂ እንዳለ ይኖራል፤ ስለዚህ ዕድሜም ይጨመርበት። የተቈረጠ ደረሰኝም በቅጂው ብቻ ተይዞ እንዳይቆይ ባለሞያውን አጥብቀው ያሳስቡ፤ ሜሞሪው መብራት በጠፋ ጊዜ የያዘውን ሁሉ ይረሳልና።